ዮሐንስ ዓርብ ሲውል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ሆኜ ጋዜጣችሁን የማነብ ነኝ። እጽፋለሁ እጽፋለሁ እያልኩ ስንፍና ይዞኝ ስንት ጊዜ ቀርቷል። አሁን ግን ፍልሰታን ከፈታን ሳምንት አልሞላንም፣ አዲስ ዓመት ደጃፍ ላይ ነው፣ ዝም ብዬ ብቀመጥ በኋላ የምጸጸተው እኔው ነኝ።

በዓል በመጣ ቁጥር የበዓል ገበያ የምትሉት ገጽ አላችሁ። ሪፖርተራችሁ ሾላ ገበያ ይወርዳል። ዶሮ ስንት ገባ፣ እንቁላል ስንት ገባ፣ ቅቤ ለጋው ስንት የበሰለው ስንት፣ በግ ከስንት እስከ ስንት፣ ሰንጋማ አይጠየቅም። ከጽሑፉ ሥር የበግ ፎቶ ይወጣል። አለቀ። አንብቤው አልፎ አልፎም ተጠቅሜበታለሁ፣ አልዋሽም። አሁን ግን ካሌንደሩን አንሡና እዩት። መስከረም 1 ቀን 2019 የሚውለው ዓርብ ነው።

ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይ ዓርብ ቢውሉ ይበላል። ያለፈው ገና ራሱ ረቡዕ ውሎ ዶሮአችንን በልተናል። ዮሐንስ ግን ያ ነፃነት የለውም፣ መስቀልም የለውም። ዓርብ ከዋለ ጾም ነው። ታዲያ በዚያ ገጽ ላይ ምን ልትጽፉ ነው? እንደ ልማዳችሁ የበግ ዋጋ ከሆነ፣ ለሐሙስና ለቅዳሜ ጻፋችሁልን ማለት ነው። የዓርቡን የት አደረጋችሁት?

እርግጥ እኛም ብንሆን የዋህ አይደለንም። ዮሐንስ ጾም ላይ ሲውል ሕዝቡ መላ አለው። ጳጉሜን 5 ሐሙስ ነው፣ ያን ቀን ታርዶ ማታውን ይበላል፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ሳይሆን ጥብሱ ይጠናቀቃል፣ ቅዳሜ ደግሞ ከቆመበት ይቀጥላል። ዓርብ መሃል ላይ ይቀራል። ሽሮ ተሠርቶ፣ ምስር ተሠርቶ፣ «በዓሉማ ነገ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እንግዳ የሚመጣው ግን ዓርብ ነው፣ ልጆቹ አዲስ ልብስ የሚለብሱት ዓርብ ነው፣ አደይ አበባ ይዘው «አበባየሆሽ» የሚሉት ሴቶች ልጆች ደጅ የሚቆሙት ዓርብ ነው። ቄጤማውስ የሚጎዘጎዘው መቼ ነው? ዓርብ።

እኔም ይኼንኑ አድርጌ አይቼዋለሁ፤ በ2017 ነው። ያን ዓመት ዮሐንስ ረቡዕ፣ መስቀል ዓርብ ነበር፣ ሁለቱም ጾም። ታስታውሱት እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ግን አልረሳውም።

እናቴ የመንዝ ሴት ናት። አሁን ደብረ ብርሃን ከኔ ቤት ሁለት ቤት አልፎ ነው የምትኖረው። ዮሐንስ ሁልጊዜ እሷ ቤት ነው። ያን ዓመት አሥራ አራት ነበርን። ማክሰኞ በግ ታረደ። የመንዝ በግ ከደጅ ታስሮ እያየ ስለ ምስር የሚያስብ ሰው ካለ እሱ ቅዱስ ነው፣ በኛ ቤት ቅዱስ የለም። ማታውን በላን፣ አመሸን፣ ተኛን። ለረቡዕ ማንም ምንም አላሰበም። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እህቴ ቶሎ ቶሎ ብላ ሽሮና ምስር ጣደች፣ ጎመን ከተፈች። ምሳ ቀረበ። የእህቴ ልጅ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሱሪው አዲስ፣ ጫማው አዲስ፣ የመሶቡን ክዳን ከፍ አደረገና አየ አየ አድርጎ መልሶ ከደነው። «በዓሉ አለቀ እንዴ?» አለ።

ሁላችንም ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ግን አፈርን።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። እናቴ ምስሩን ገና አንድ ጊዜ ጎርሳ ቆም አለች። «ቅቤ ሸተተኝ» አለች። አይ እማዬ፣ ዘይት ነው፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ አለች እህቴ። እናቴ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች፣ ማማሰያውን ይዛ ወጣች። የማክሰኞው ማማሰያ ነው። በጉ የተቁላላበት። ታጥቧል፣ ግን እንጨት አይደል፣ ቅቤውን ጠጥቶ አድሯል። አንድ ድስት ምስር ከመሶቡ ተነሣ፣ ጾም ያልጀመሩት ሕፃናት በሉት፣ እኛ በሽሮና በጎመን ዋልን።

አሁን ወደ ወንድሜ ልጅ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረገችኝ እሷ ናት። አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። ቪጋን ናት። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትነካም፣ ዓሣም አትበላም፣ በጾም ብቻ ሳይሆን በፍስክም። በመጀመሪያ ስትነግረን ወንድሜ ተቆጣ፣ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ አለ፣ ምን የሚያህል ነገር ነበር። እናቴ ግን አልተቆጣችም። ዝም ብላ ካዳመጠቻት በኋላ የጠየቀቻት አንድ ነገር ነው፦

«ታዲያ ፋሲካሽ መቼ ነው?»

ልጅቱ መልስ አጣች። «የለውም እማማ» አለች በመጨረሻ። እናቴ በጣም አዘነችላት። እስከ ዛሬም ለሰው ስታወራ «ያቺ ፋሲካ የሌላት ልጄ» ነው የምትላት።

ይገርማችኋል፣ ያን ረቡዕ ከአሥራ አራታችን ደስ ብሏት የበላችው እሷ ብቻ ናት። በፍስክ በዓል ስትመጣ ዳር ቁጭ ብላ ዳቦና ቆሎ እየቆረጠመች ነው የምትውለው፣ አንዱ ይመጣና «ትንሽ መረቁን ብቻ» ይላታል፣ ሌላው «ሥጋውን አውጥቼልሻለሁ» ይላታል፣ ጉርሻ ይዞ የሚመጣውን መመለስ ደግሞ ነውር ነው፣ ታውቁታላችሁ። ያን ቀን ግን ሁሉም እኩል ሆነ። ማንም አልተለየም። «እቴቴ፣ እንዲህ እንዲህ ዓይነት በዓል ቢበዛልኝ» አለችኝ። እኔም መስቀል ዓርብ መሆኑን ያስታወስኩት ያኔ ነው። ለመስቀሉ ድግስ ለመዘጋጀት አሥራ ስድስት ቀን ነበረኝ።

ለበግ ስንዘጋጅ ሳምንት አስቀድመን አይደል የምንገዛው? ሽንኩርት በኩንታል፣ ቅቤ አስቀድሞ ይነጠራል፣ በርበሬ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ለጾም በዓል ግን ጠዋት ተነሥተን ሽሮ እንጥዳለን። ከዚያ «ጾም ስለሆነ ነው» እንላለን። ጾሙን አታስወቅሱት፣ ሥራ ስላልሠራን ነው። ዓመቱን ግማሽ ያህል የሚጾም ሕዝብ የጾም ድግስ አያውቅም ቢባል ማን ያምናል? እናቶቻችን ያውቁታል። እኛ ነን የተውነው።

እናቴን ጠየቅኳት። «በልጅነትሽ ዮሐንስ ጾም ሲሆን ምን ትበሉ ነበር?» ሳታስብ መለሰችልኝ፣ «የሽምብራ ዓሣ።»

የሽምብራ ዓሣ የማያውቅ ወጣት ካለ ልንገረው። ሽምብራው ለስለስ ተደርጎ ይቆላል፣ ይከካል፣ ገለባው ይለያል፣ ከዚያ ደቆ ይፈጫል። ሽሮ አይደለም፣ ሽሮ በቅመም የታጀለ ነው፣ ይህ ንጹሕ የሽምብራ ዱቄት ነው። ይነፋል። ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ ጣል ይደረግበትና በጥቂት በጥቂቱ ውኃ ይለወሳል። ጠንከር ማለት አለበት። ከላላ ሲጠበስ ይፈርስባችኋል፣ የመጀመሪያው ጊዜ የኔ ፈርሷል። ከዚያ ይዳመጥና በቢላ ዓሣ ዓሣ እያስመሰሉ መቁረጥ ነው፣ ጭራ አለው፣ ክንፍ አለው፣ ዓይኑን በክብሪት እንጨት ጫፍ ወጋ ማድረግ ነው። ልጆቹን የምትጠሯቸው እዚህ ጋ ነው። ያ «በዓሉ አለቀ እንዴ» ያለው ልጅ ሊጡን ተቀብሎ ጥግ ሄደ፣ ቆየ፣ ተመልሶ ሲያሳየን ዓሣ አይደለም። ቀንድ አለው፣ ላት አለው። በግ ነው። የመንዝ ልጅ ምን ያድርግ! ጠበስነው፣ ወጡ ውስጥ ገባ፣ የመስቀል ዓርብ በሰሐኑ ቀረበለት። ከምሳ በኋላ ወጥቶ «እኔ ዛሬ በግ በላሁ» እያለ ሰፈሩን አስደነገጠው።

ቁሌቱ እንደ ዶሮ ወጥ ነው የሚሠራው፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ለአሥራ አራት ሰው አንድ ኪሎ የሽምብራ ዱቄትና ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ነው የተጠቀምኩት። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል፣ ውኃው እስኪመጥ፣ እስኪቀላ፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ እየቆዩ ጠብ ጠብ የሚል የፈላ ውኃ። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ አይግረማችሁ። መጨረሻ ላይ ኮረሪማና መከለሻ። ወጡን ቀጠን አድርጉት፣ ምክንያቱም ዓሣው ይጠጣል። የተጠበሰውን ዓሣ የምትጨምሩት ሊወጣ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው፣ ቀድማችሁ ከጨመራችሁ ወጡን ምጥጥ አድርጎ ገንፎ ይሆንባችኋል። ከገባ በኋላ ማማሰያ የለም፣ ድስቱን ጆሮውን ይዞ ነቅነቅ ማድረግ ነው። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር አላነሣም፣ በኛ ቤት አይበላም። የሽምብራው ግን ዋኝቶ ስለማያውቅ ክርክር የለበትም።)

አሁን ስለ ዘይት አንድ ነገር ልበል፣ ይህን የሚረዳኝ የደጋ ሰው ነው። የሚረጋውን ዘይት፣ ፓልሙን ማለቴ ነው፣ ለጾም በዓል አትጠቀሙ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በጳጉሜን ዝናብ ላይ ያለውን ብርድ ታውቁታላችሁ። ወጡ ትኩስ ሳለ ደኅና ነው፣ እንግዳው ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ወሬ ሲጀምር ሰሐኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይረጋል፣ ከንፈር ላይ ይለጠፋል። ሥጋ ወጥ ቢሆን ሞራ ነው ተብሎ ይታለፋል፣ ምስር ላይ ግን ያስጠላል። የኑግ ዘይት ብታገኙ እሱን፣ ካጣችሁ የሱፍ።

ከፍታው ሌላም መዘዝ አለው። እዚህ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፣ መቶ አይሞላም። ድፍን ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ እንደ ቆላው ቶሎ አይበስልም። የወንድሜ ልጅ ከኢንተርኔት ያወጣችውን አሠራር ይዛ መጥታ «20 ደቂቃ ይላል» ብላ ለአዚፋው ምስር ጣደች። 20 ደቂቃ ያለው ሰውዬ የት አገር እንደሚኖር እንጃ፣ የኛው ምስር በ20 ደቂቃ ገና ጠጠር ነበር። ለአዚፋ ምስሩን ማታ መዘፍዘፍ፣ ጠዋት መቀቀል፣ ቀዝቅዞ በሰናፍጭ፣ በሎሚ፣ በቃሪያና በሽንኩርት ማሸት። ከዋዜማው የተሠራ አዚፋ ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል፣ ዓርብ ጠዋት ሥራ ይቀንስላችኋል።

ስልጆን አትርሱ። ስልጆ የሌለበት የጾም መሶብ ለኔ ጎደሎ ነው። የሱፍ ውኃው ተጠልሎ ይፈላል፣ የባቄላ ዱቄት እየተበተነበት እንደ ገንፎ ይማሰላል፣ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም ይገባበታል፣ ተከድኖ ይቀመጣል። ሲቦካ አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፣ ያስለቅሳል፣ ደስ ይላል። ግን ቀን ይፈልጋል፣ በብርድ አገር ደግሞ ይበልጥ። ለዓርብ ከሆነ ነሐሴ 30 ሳያልፍ መጣድ አለበት። ሐሙስ ቢያስቡት አይሆንም።

ሱፍ ስትገዙ ተጠንቀቁ። የአበሻውን ሱፍ ነው የምፈልገው ብላችሁ ተናገሩ፣ አንዳንዱ ነጋዴ የፈረንጁን ሱፍ ይሰጣችኋል፣ እሱ ለፍትፍት አይሆንም። ሱፍ ፍትፍት ለሽማግሌዎች ጥሩ ነው፣ ከበርበሬው ያሳርፋቸዋል፣ በእንጀራ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ተፈትፍቶ ቀዝቀዝ ብሎ ሲቀርብ። እናቴ ጥርስ የላትም፣ ከሁሉ አስቀድማ እጇን የምትሰደው እሱ ላይ ነው።

ለልጆች ሳምቡሳ በምስር። ሌላ ነገር አትጨነቁ፣ ሳምቡሳ ካለ ልጅ አያለቅስም።

ዳቦው ድፎ ነው። ስንዴ ላይ ትንሽ ገብስ ቀላቅዬ፣ በጥቁር አዝሙድ፣ ሐሙስ ቀን አቡክቼ ማታ እጋግራለሁ። ኮባ ቅጠሉ ከደብረ ሲና በኩል ይመጣልኛል። ወተትና እንቁላል አይገባበትም፣ ስለዚህ ጾም ነው፣ ለቪጋኗም ይሆናል። የሱቅ ነገር ግን ጠይቁ። በመስቀሉ ጊዜ ከአንድ ኬክ ቤት የጾም ኬክ አዝዤ ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ ሻጩ «ኧረ ንጹሕ ጾም ነው፣ ማርጋሪን ነው» አለኝ። የወንድሜ ልጅ ማርጋሪኑን አሳየኝ ብላ ካርቶኑን አስወጥታ አነበበችው። የወተት ዱቄት አለበት። ልጁ ራሱ ደነገጠ፣ አላነበበውም ነበር። እሷ ጽሑፍ ሳታነብ ምንም አትበላም፣ መጀመሪያ እሥቅባት ነበር፣ አሁን እኔም መነጽሬን አድርጌ ካርቶን አነባለሁ።

ስለ መጠጥ ደግሞ እንዲህ ሆነ። ጠጅ ቀዳንላት። አልጠጣም አለች። ጾም ማር አይከለክልም፣ ቪጋን ግን ማርም አይበላም ለካ። ሁለቱን የሚለያያቸው ዋናው እዚህ ጋ ነው፣ በቀረው የጾም መሶብ ከቀረበላቸው እንዲህ ዓይነት ልጆች ምንም አይቸገሩም። እናቴ አልገባትም። «ንብ በሬ ናት እንዴ?» አለች። ልጅቱ «እማማ፣ ለራሷ ያስቀመጠችውን ምግብ እኮ ነው የምንወስድባት» አለቻት። እናቴ መንዝ ሳለች ቀፎ ነበራት፣ ትንሽ አሰበችና «እኔ ለሷም እተውላት ነበር፣ ካልተውኩላትማ ጥላኝ ትሄዳለች» አለች። በዚህ ተስማሙ መሰለኝ፣ ክርክሩ አልቀጠለም፣ ጠጁን ግን አልጠጣችም። ስለዚህ ጠላ። ጠላ ገብስ ነው፣ ብቅል ነው፣ ጌሾ ነው፣ ማንም አይከፋበትም። እዚህ ብርዱ ስለሚያዘገየው ከሁለት ሳምንት በፊት መጀመር ነው፣ ጌሾዬን ትናንት ወቅጬ ጥንስሱን ጥጃለሁ። የደብረ ብርሃን አረቄ ደግሞ ለሚችለው አለ፣ እሱን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም።

ወንድሜ አሁን ቁጣው በርዶለታል። ልጅቱ የቫይታሚን ቢ12 ክኒን ትወስዳለች፣ ይኼ ነገር ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከእህልና ከአትክልት በተፈጥሮው አይገኝም። እኛ ጾመኞቹ በፍስኩ ጊዜ እናካክሰዋለን፣ እሷ ፋሲካ ስለሌላት በክኒን ትሞላዋለች። እናቴ ይህን ስትሰማ «እንግዲያማ ፋሲካሽ እሱ ነው» አለቻት፣ ክኒኑን እያሳየች።

አሁን እናንተን የምወቅስበት ቦታ ላይ ደረስኩ። የዓርቡን ድግስ አስቡት፣ ከሰሜን ሸዋ ሳይወጣ ይሞላል። ሽምብራውና ነጭ ጤፉ ከምንጃር፣ ምስርና ስንዴው ከጅሩ፣ ሽንኩርቱና ፓፓያው ከሸዋ ሮቢት፣ ገብሱና ባቄላው እዚሁ ከደጋው፣ የቡና ቁርሱ የደብረ ሲና ቆሎ፣ ሻይ ውስጥ የሚገባው ጦስኝ ከመንዝና ከጣርማበር ብርድ። ቆላው ማሾ ያበቅላል፣ ዘንድሮ የማሾ ወጥ እንደ ክክ አልጫ በእርድ ልሞክረው ነው፣ ካልሆነልኝ ለማንም አልናገርም። ይህን ሁሉ የሚያመርተው ገበሬ በዓል ሲመጣ ስሙ በጋዜጣ አይነሣም፣ በግ ካላረባ በስተቀር። ሱፍ ስንት ገባ፣ ሽምብራ ስንት ገባ፣ ኑግ ስንት፣ ሰናፍጭ ይገኛል አይገኝም፣ አንድም ቀን አልጻፋችሁም። ለምን? ሪፖርተራችሁ ሾላ ከወረደ አይቀር ከዶሮ ተራው እህል ተራው ጎራ ቢል ምን ይጎድለዋል?

በግ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። በግ የማይወድ የመንዝ ዘር የለም፣ ሐሙስም ይታረዳል፣ ቅዳሜም ይበላል፣ እኔም ከሚበሉት ነኝ። የኔ ጥያቄ ስለ ዓርብ ነው። የሚቀጥለው፣ የ2020 ዮሐንስ፣ እሑድ ነው፣ ያኔ እንደ ፈለጋችሁ የበግ ፎቶ አውጡ።

ስለዚህ ከጳጉሜን በፊት በሚወጣው እትማችሁ የጾሙን ገበያ ጻፉልን። ከጳጉሜን በፊት ያልኩት በምክንያት ነው፣ ስልጆና ጠላ ዋዜማ ላይ በወጣ ጋዜጣ አይሠሩም። ደግሞ ከየአገሩ የጾም በዓል ምን ይሠራ እንደነበር አንባቢውን ጠይቁት፣ ጎጃም ምን ይበላ ነበር፣ ወሎ ምን ይበላ ነበር፣ እናቶች ሳሉልን ይጻፍ። እኔ የሽምብራ ዓሣውን ነግሬያችኋለሁ፣ ሌላው የራሱን ያምጣ።

መንገዱ ሰላም ከሆነ የወንድሜ ልጅ ረቡዕ ትመጣለች። ዘንድሮ አሥራ ስድስት ነን። ያ ልጅ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፣ ዘንድሮ በግ አልሠራም፣ አንበሳ ነው የምሠራው ብሎኛል። እናቴ ደግሞ ትናንት ማታ ብቅ ብላ ጥንስሴን ከፍታ አሸተተችና፣ ስትወጣ በር ላይ ዞር ብላ፣ «የቅቤውን ማማሰያ ከጣራው ሥር ሰክቼዋለሁ፣ ሐሙስ ማታ በእጃችሁ ጠብሱ፣ እስከ ቅዳሜ አላወርደውም» አለችኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን